ሐረር ላይ ፈሳሽ፣ ድሬዳዋ ላይ ጄል፦ አንድ የቅመማ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

የክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በተከታታይ መልሶች የሄደውን ውይይት፣ መነሻ ጥያቄ ያቀረበችው ሐረር ውስጥ በፋርማሲ የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ተማሪ ናት። ለሴት ብልት የፈንገስ ሕመም የሚሆን፣ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ያለበት ጄል ቀምማለች። መሠረቱ 18 በመቶ ፖሎክሳመር 407 ሲሆን ጥቂት ካርቦፖል 934 ተጨምሮበታል። ፖሎክሳመር ሲቀዘቅዝ የሚፈስ፣ ሲሞቅ የሚረጋ ፖሊመር ነው። ካርቦፖሉ ደግሞ የብልቱን ግድግዳ ከሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ተጣብቆ መድኃኒቱን ለሰዓታት እንዲያቆይ የገባ ነው። ልትፈታው የፈለገችው ችግር እውነተኛ ነው። ገበያ ላይ ያለው ቅባት ሴትየዋ ከአልጋዋ ስትነሳ ይወርድና ልብስ ላይ ይቀራል፤ በዚህ የተማረረች ደግሞ የ7 ቀኑን ሕክምና ሳትጨርስ ትተወዋለች።

ሐረር ቤተ ሙከራ ውስጥ ጄሉ እንደታሰበው ሆነ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል፤ 37 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይረጋል። ከዚያ ናሙናውን በሚኒባስ ይዛ ደንገጎን ወርዳ ድሬዳዋ ስትገባ ጠርሙሱን ብትገለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ሰው አካል ውስጥ መርጋት የነበረበት ቦርሳዋ ውስጥ ረጋ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ከፖሊመሮቹ የትኛውን ልቀንስ፣ የትኛውን ልጨምር?

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ክሩን እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ የምስጋናና የ«እኔም እየጠበቅሁ ነው» መልሶችን ትቼ ቁም ነገር ያለባቸውን እተርካለሁ።

1ኛው መልስ አድናቆት ብቻ ነበር። 2ኛው ትምህርት ይዞ መጣ። ጸሐፊው እንዳስረዳው ፖሎክሳመር 407 ውኃ ውስጥ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ድብልብሎች ይሠራሉ፤ ድብልብሎቹ ሲጠጋጉ ፈሳሹ ይረጋል። መጠኑ በበዛ ቁጥር የሚረጋበት ሙቀት ይወርዳል። ስለዚህ ወደ 16 በመቶ ብታወርደው ወይም ፖሎክሳመር 188 ብትቀላቅልበት የመርጊያው ሙቀት ከፍ ይላል። አንድ ነገርም አስታወሳት፤ እንደ ካርቦፖል ያሉ የሚጣበቁ ፖሊመሮች ራሳቸው የመርጊያውን ሙቀት ስለሚያወርዱ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ሳይሆን ለብቻው ለክታው ከሆነ ቁጥሩ አሳስቷታል።

3ኛውን የጻፈው ድሬዳዋ የሚኖር ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። የ2ኛውን ሐሳብ አልነቀፈም፤ ግን እዚህ እንደማይሠራ በሂሳብ አሳየው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ እዚህ ከ35 ዲግሪ በላይ መሆን ብርቅ አይደለም። የሰውነት ሙቀት 37 ነው። እንግዲህ ጄሉ መደርደሪያ ላይ ፈሳሽ፣ አካል ውስጥ ረጊ እንዲሆን ከተፈለገ የቀረው ክፍተት ሁለት ዲግሪ እንኳን ላይሞላ ነው። በዚያ ላይ ጄሉ ገብቶ ከብልት ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ የመርጊያው ሙቀት ከፍ ይላል። 36 ዲግሪ ላይ እንዲረጋ ተብሎ የተስተካከለ ጄል ውስጥ ገብቶ ጨርሶ ላይረጋ ይችላል። በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። የተማሪዋ ጥያቄ የመጠን ሳይሆን የአመራረጥ ጥያቄ መሆኑን ያወቀው እሱ ነው።

4ኛው በቀና ልብ ማቀዝቀዣ ጠቆመ። ፖሎክሳመር ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይፈሳልና ሴቶቹ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት አለ። 5ኛዋ እንደ እኔው ባንኮኒ ጀርባ የቆመች ባለሙያ ናት፤ ትዕግሥቷ እዚህ ላይ አለቀ። ፍሪጁ የማን ነው ብላ ጠየቀች። የአማት፣ የአከራይ፣ የወንድሞች ነው። ለብልት የሚሆን መድኃኒት ከልጆች ወተት ጎን አስቀምጪ የምትባል ሴት መድኃኒቱን አትገዛም፤ ከገዛችም ደብቃ ሻንጣ ውስጥ ነው የምታኖረው። መብራትም የሚሄደው ሙቀቱ ሲብስ ነው ብላ ደመደመች። እኔ የምጨምረው አለ። የእኛ ደንበኛ ወንዶቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጥርስ ሳሙና እያገላበጠች ትቆያለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያ ቅባት» ነው የምትለው። እንዲህ ላለች ሴት የአቀማመጥ መመሪያ ሊሰጣት የሚችለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

6ኛው ነገሩን ቀለል ለማድረግ ብሎ በላስቲክ ጠቅልላ ከእንስራው ሥር ታስቀምጠው አለ። ቀልዱ አልተወደደለትም።

7ኛው መጣና መሠረታዊውን ጠየቀ። መጀመሪያ ነገር መድኃኒቱ ፈሳሽ ሆኖ መግባት ያለበት ለምንድን ነው? ከቱቦ ተጨምቆ በማስገቢያ የሚገባ ወፍራም ጄል ለዘመናት አለ። በሙቀት የሚረጋ ጄል ጥቅሙ እጥፋቶች ውስጥ ሠርጎ መግባቱ ነው፤ ያንን ጥቅም ድሬዳዋ ላይ ካጣነው ውድ ፖሊመር ገዝተን የምናገኘው ችግሩን ብቻ ነው። ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲል ሴሉሎስን ሞክሪ፤ የሚረጋበትን ሙቀት መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ጨውም ያን ያህል አይጎዳውም ብሎ አበቃ። ተማሪዋ በ8ኛው አመሰገነችው፤ ግን ከተለወጠ ማጣበቁን በምን ልለካ፣ ዘመናዊው መለኪያ እኛ ዘንድ የለም አለች።

9ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት የመድኃኒት ቀማሚ ናቸው። እጅ በእጅ እንደሚያሳይ ሰው ነው የጻፉት። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይወሰድና አንደኛው ሳህን ይወልቃል። በምትኩ አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ አፏን ወደ ታች አድርጋ በክር ትንጠለጠላለች። የብልቃጧ አፍ ላይ የእንስሳ ብልት ሽፋን፣ ዝልግልጉ ጎን ወደ ውጭ ሆኖ፣ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሌላ ቁራጭ በሁለተኛ ብልቃጥ ላይ ከታች ይቀመጣል። መካከል ላይ አንድ ግራም ያህል ጄል ተቀብቶ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሁልጊዜ እኩል ክብደት ለእኩል ደቂቃ ይጫናቸዋል። ከዚያ በሌላው ሳህን ላይ ባለ ብርጭቆ ከጉሉኮስ መስመር ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁለቱ ሽፋኖች ጠቅ ብለው ሲለያዩ መስመሩ ይዘጋና ውኃው ይመዘናል። ግራሙ በ981 ተባዝቶ በሽፋኑ ስፋት ሲካፈል የመላቀቂያው ኃይል በዳይን በካሬ ሴንቲሜትር ይወጣል። አዛውንቱ አጥብቀው ያሳሰቡት የጭነቱን ደቂቃ ነው። አንዱ ናሙና ሁለት ደቂቃ፣ ሌላው አምስት ደቂቃ ተጭኖ የተገኘ ቁጥር ማወዳደሪያ አይሆንም።

10ኛው ጸሐፊ የድሬ ልጅ ነው፤ አዛውንቱን «አንተ» እያለ ብልቃጧ ላይ ሽፋኑ የሚታሰርበትን ክር ውፍረት ጠየቃቸው። 11ኛው ከሌላ ከተማ የመጣ አንባቢ አባት የሚሆን ሰው እንዲህ ይጠራልን ብሎ ተቆጣ። 12ኛው የራሳቸው የአዛውንቱ ነበር፤ ድሬ ላይ ሃምሳ ዓመት ኖሬ አንቱ ያለኝ ሰው የሚፈልግብኝ ዕዳ ያለው ብቻ ነው ብለው ሳቁና ስለ ማሰሪያው ክር መለሱ። የቀዶ ጥገና ክር ይሻላል፤ የጥጥ ክር ውኃ ይመጥጣል።

ሽፋኑ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ መንገድ ከፈተ። 13ኛው ከቄራ እንዴት እንዳመጣ ተረከ። ሠራተኞቹ ጉበትና ጨጓራ የሚለምን ሰው እንጂ የላም ብልት የሚለምን አይተው አያውቁምና ሁለቱ ቢላቸውን አስቀምጠው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እየተያዩ ጠየቁት። ለምርምር ነው ሲል ይብስ ሳቁ። በመጨረሻ በጨው ውኃ ውስጥ አድርጎ፣ በበረዶ አቅፎ ይዞ ሮጠ። 14ኛው የግመልስ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እዚህ አካባቢ ግመል ስለሚታረድ ጥያቄው ቧልት ብቻ አልነበረም፤ ግን የመለሰለት የለም።

15ኛው ግን ሁሉንም አቀዘቀዘ። ከቄራ የመጣ ሽፋን የሞተ ነው፤ ዝልግልጉን ፈሳሽ አያድስም። በሕይወት ባለች ሴት ላይ ያ ሽፋን ሳያቋርጥ እየተተካ ይወርዳል። ጄሉ የቱንም ያህል ቢጣበቅ የተጣበቀበት ነገር ራሱ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሁለት እጥፍ የጠነከረ ጄል ሁለት እጥፍ ይቆያል ማለት አይደለም። በብርጭቆ ስላይድ ላይ ብቻ ተለክቶ ይጣበቃል የተባለውማ ጨርሶ ወሬ ነው አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ነጥቡ ግን ልክ ነው።

ከዚያ ወደ ኬሚስትሪው ገቡ። 16ኛው ስለ ካርቦፖል ተነተነ። ካርቦፖልን የሚያጣብቁት ካርቦክሲል የሚባሉት ክፍሎቹ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ሙል ሳይኖራቸው ሲቀሩ ዝልግልጉ ፈሳሽ ውስጥ ካለው ሙሲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር በሃይድሮጂን ይያያዛሉ። የጤናማ ብልት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.5 እስከ 4.5 ስለሆነ ለማጣበቅ ይመቻል። ችግሩ ካርቦፖል በደንብ የሚያብጠው በትራይኤታኖላሚን ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ገለልተኛ ሲደረግ መሆኑ ነው። ቱቦ ውስጥ ወፍራም የነበረው አሲድና ጨው ሲያገኘው ይቀጥናል። ስለዚህ ውፍረቱ በንጹሕ ውኃ ብቻ ሳይሆን በሰው ሠራሽ የብልት ፈሳሽ ተቀላቅሎም ይለካ አላት፤ ኦወንና ካትዝ በ1999 ያወጡትን አቀማመም፣ በሊትር 2 ግራም ላክቲክ አሲድ፣ 5 ግራም ግሉኮስ፣ ፒኤቹ 4.2 የሆነውን፣ ጠቆማት።

17ኛው ካይቶሳን አነሳ፤ ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣ፣ አሲድ ውስጥ የሚሟሟ፣ ራሱም ፈንገስን በመጠኑ የሚያዳክም። 18ኛው ካይቶሳንንና ካርቦፖልን እንዳትቀላቅይ ብሎ ጣልቃ ገባ፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሙል ስላላቸው ተያይዘው ይዘቅጣሉ።

19ኛው የአገር ፍቅር ይዞ ገባ። ከውጭ በዶላር ፖሊመር የምንገዛው ለምንድን ነው፣ ተልባ አለን፣ ባሚያ አለን፣ እነሱም ዝልግልግ ይሰጣሉ አለ። ሐሳቡ የማይናቅ ነው፤ ከዕፅዋት የሚወጣ ዝልግልግ በመድኃኒት ቅመማ ይጠናል። ግን ከሰዓቱ ጋር አብሮ ትዕግሥት ሄዶ ነበር። 20ኛው የተልባውን ሰው በታወቀው ተረት፣ ተልባና ሙቀጫን በሚያነሳው፣ ጎሸም አደረገው። 21ኛው የተልባው ሰው ነበር፤ ፈረንጅ ያልነካውን የማያምን ትውልድ ብሎ መለሰ። ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰው 22ኛው ነው። የተልባ ዝልግልግ ስኳሮች ነው፤ ማቆያ ካልገባበት በድሬ ሙቀት በፍጥነት ይሸታል፤ የአንዱ ማሳ ምርት ከሌላው ማሳ ውፍረቱ ይለያያል። ይህን ለመፍታት ሌላ የዲግሪ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ተማሪዋ ደግሞ አንዱን እንኳን አልጨረሰችም።

23ኛዋ ከርዕሱ ውጪ ናት፤ ግን ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ምርምሩን ትቼ፣ እኔ ራሴን ያሳክከኛል፣ ነጭ ፈሳሽም አለኝ፣ ምን ላድርግ አለች። 24ኛው ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ጠቅልላ እንድትጠቀም መከራት። 25ኛዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ነጭ ሽንኩርቱን የመከረውን ሰው እንዲህ ያለ ቃጠሎ ይዘው የሚመጡትን የማያቸው እኔ ነኝ ብላ አስደነገጠችው። ለሴትየዋ ግን እህቴ እያለች በእርጋታ አስረዳቻት። እርጎ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽና ማሳከክ ፈንገስን ያመለክታል፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፒኤቹም ከ4.5 በላይ ይወጣል፣ የፈንገስ ቅባትም አይነካውም። ከወር እስከ ወር የሚመለስባት ከሆነ የደም ስኳሯን ታስመርምር። ነፍሰ ጡር ከሆነች ፍሉኮናዞል እንዳትውጥ፤ ለእሷ የሚመከረው በብልት የሚገባው ዓይነት ለ7 ቀን ነው። የወይባ ጢስም በዚህ ሰሞን ይቅርባት። 26ኛዋ የጠያቂዋ ምስጋና ነበር።

ተማሪዋ በ27ኛው ተመልሳ አዲስ ውጤት አቀረበች። ፈንገስ በሚበቅልበት ሳቡሮ አጋር ላይ ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለውን የሕመሙን ፈንገስ ዘርታ፣ ጉድጓድ ቆፍራ፣ የራሷን ጄልና ከገበያ የገዛችውን ቅባት አወዳድራለች። የእሷ ጄል ያጸዳው ክብ ሰፋ። ደስታዋ ከፊደሉ ይታይ ነበር። 28ኛው ደስታዋን በጨዋ አነጋገር ቀነሰው። አጋር በአብዛኛው ውኃ ነው። ዘይት ያለው ቅባት በውስጡ በደንብ አይሠርግም፤ በውኃ የተሠራ ጄል ግን ይሠርጋል። የክቡ ስፋት የሚነግራት መድኃኒቱ አጋር ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ ነው፤ ሴትየዋን የትኛው ይፈውሳል የሚለውን አይደለም። ደግሞ ክሎትሪማዞል የሌለበትን ባዶ ጄል አስቀምጣ ነበር ወይ? የምትጠቀምበት ማቆያ፣ ፓራቤን ከሆነ፣ ራሱ ፈንገስን ይገታል። ባዶው ጄልም ክብ ከሠራ ያ ከውጤቷ መቀነስ አለበት። የመድኃኒት መለቀቂያ ሙከራዋንም፣ ማለትም መድኃኒቱ ከጄሉ ወጥቶ ወደ ተቀባይ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካውን፣ አነሳ። ክሎትሪማዞል በውኃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ተቀባዩ ፈሳሽ ንጹሕ ቡፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) ብቻ ከሆነ ወዲያው ይጠግብና ጄሉ መድኃኒቱን የያዘ ይመስላታል። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ወይም አልኮል ይጨመርበት አለ። ስለ ሙከራ አሠራር ከተጻፉት ሁሉ ጥቅም ያለው ይህ ነው፤ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚሁ ጉድጓድ እንደወደቀ የሚያውቅ ያውቀዋል።

29ኛው ክሩን ከበድ አደረገው። ኖኖክሲኖል 9 የሚባል የወንድ ዘር ገዳይ ጄል ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤች አይ ቪን ስለሚገድል ሴቶችን ይጠብቃል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። በቤኒን፣ በኮት ዲቩዋር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ ሴቶች ላይ ሲሞከር ግን ደጋግመው የተጠቀሙት ይበልጥ ተያዙ፤ ውጤቱ በ2002 ታተመ። ጄሉ ሽፋኑን እያቆሰለ ነበር። ስለዚህ መጣበቅና መግደል ብቻ አይበቃም። በጄሏ ውስጥ ያለው ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሲበዙ ውኃውን ከሽፋኑ ይመጥጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ለማለስለሻ ጄሎች ባወጣው ምክር ኦስሞላሊቲው፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ነገር ብዛት፣ በኪሎግራም ከ1,200 ሚሊኦስሞል እንዳይበልጥ፣ የተሻለው ደግሞ ከ380 በታች እንደሆነ አስፍሯል። እሷ የሠራችው መድኃኒት እንጂ ማለስለሻ ባይሆንም የሚነካው ሽፋን ያው ነው።

በ30ኛው ተማሪዋ ያደረገችውን ለውጥ አሳወቀች። ፖሎክሳመሩን ትታለች። ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲል ሴሉሎስን ከአነስተኛ ካርቦፖል ጋር ወስዳለች፣ ፕሮፒሊን ግላይኮሉን ቀንሳለች፣ ባዶውን ጄል ጨምራለች፤ ናሙናዎቹን 40 ዲግሪና 75 በመቶ እርጥበት ላይ ለ6 ወር ታስቀምጣለች። ፒኤቹን ከብልቱ ጋር ለማስማማት 4.2 ላይ እንደምታደርገው ጻፈች።

31ኛው በዚህ ላይ ተነሣ፤ ክርክሩም እስካሁን አልተዘጋም። ክሎትሪማዞል አሲድ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ በፍጥነት፣ ተሰብሮ ኢሚዳዞል የሚባለውን የሞለኪውሉን ክፍል ይለቃል። ለሽፋኑ የሚመቸው ፒኤች ለመድኃኒቱ አይመችም። ጸሐፊው የሚለው ጄሉ ቱቦ ውስጥ 5.5 ወይም 6 ላይ ይቀመጥ፣ ቡፈሩም ደካማ ይሁን፤ ከገባ በኋላ ላክቲክ አሲዱ ራሱ ያወርደዋል ነው። ተማሪዋ ደግሞ ከገባ በኋላ የሚቀጥነው ካርቦፖልስ ብላ መለሰች። እኔ ወደ እሱ አደላለሁ። መደርደሪያዬ ላይ የሚቀመጠው ቱቦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚያየውን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱ ቱቦ ውስጥ ካለቀ የካርቦፖሉ መቅጠን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ፒኤች ጎን ለጎን 40 ዲግሪ ላይ አስቀምጣ በየወሩ የቀረውን ክሎትሪማዞል ብትለካ ግን የእኔ ማድላት አያስፈልግም።